ለአንድ ጆሮ የበቃ ድምፅ

ድምፄ መጀመሪያ የከዳኝ ጂንካ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ፣ ሰባኪው አጠገብ ቆሜ ነው። እሱ በአማርኛ የሚሰብከውን ወደ አሪኛ የምመልሰው እኔ ነበርኩ። ሲጮህ እጮሃለሁ፤ ሲያለቅስም አለቅሳለሁ። በዚያ እሑድ አፌን ብከፍት የወጣው ትንፋሽ ብቻ ሆነ።

«ዝማሬ አብዝተሽ ነው» አሉኝ። ዝንጅብል በማር ጠጣሁ። ተጸለየልኝ። ሳምንታት አለፉ። አንገቴ ላይ ያለውን እብጠት ግን ያነሳ ሰው አልነበረም፤ እኛ ሰፈር እንቅርት እንደ አፍንጫ ነው፣ ማንም ዞሮ አያየውም። እኔም ሻርፕ ጠምጥሜበት ዓመታት ኖሬያለሁ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልኩ ስንቱን ሰው እንደመከርኩ አትጠይቁኝ።

ድምፄ አልመለስ ሲል ሆስፒታል ሄጄ አልትራሳውንድ ተነሣሁ። ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ እንዲህ አለኝ፦

«እንቅርቱ አድጎ ድምፅሽን የሚያዘውን ነርቭ ተጭኖታል። ኦፕሬሽን ያስፈልግሻል። ድምፅሽ ግን እንደ ድሮው ላይመለስ ይችላል።»

ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማሁም። ድምፄ ከሄደ እኔ ምን ልሆን ነው? ለእግዚአብሔር የማቀርበው ሌላ ነገር ያለኝ አይመስለኝም ነበር። ፈራሁ። በእግዚአብሔርም ተናደድኩ። ለኦፕሬሽኑ ግን ፈርሜ ገባሁ።

ስነቃ አንገቴ ታስሯል። ውሃ ስጠጣ ትን አለኝ። ነርሷን ጠራኋት። አልሰማችኝም።

ከጎኔ ከገጠር የመጡ አንዲት የአሪ እናት ተኝተው ነበር። የሳቸውም በሽታ እንቅርት ነው፤ ገና አልተቀደዱም። አማርኛ አይሰሙም። ሐኪሙ ስለ ኦፕሬሽኑ ሊያስረዳቸው ሲመጣ ፈርተው ልብሳቸውን ሰብስበው ለመሄድ ተነሡ። እሱም ወደ እኔ ዞሮ «በሹክሹክታም ቢሆን ንገሪልኝ» አለ።

ከአልጋዬ ወርጄ አፌን ከጆሯቸው አስጠጋሁ። ከዚያ የሚርቅ ድምፅ አልነበረኝም። የሚለውን ሁሉ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን ሐኪሙን ትተው ፋሻዬን ያያሉ።

«ያማል ወይ ልጄ?»

መድረክ ላይ ብሆን ጥቅስ እጠቅስ ነበር። «ያማል» አልኳቸው። «ድምፄም ይኸው ነው። ግን አለሁ።»

እጄን ያዙ። ወደ ኦፕሬሽን ክፍል እስኪወስዷቸውም አልለቀቁኝም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ዝግ ያሉ ነበሩ፤ ከእንቅርቱ የተወሰደው ናሙና ውጤት ካንሰር አለመሆኑን ሰምቼ እፎይ ካልኩ በኋላ፣ በየማለዳው የታይሮይድ ኪኒኔን በባዶ ሆዴ እየዋጥኩ፣ ሐኪሙ ባሳየኝ መንገድ ድምፄን እንደ ሕፃን እያለማመድኩ ቆየሁ፣ በመጨረሻም አንድ ጎርናና ድምፅ ተመለሰልኝ። አዳራሽ አይሞላም። ሰባኪው አጠገብ በእኔ ቦታ አንዲት ወጣት ቆማለች፤ ጎበዝ ናት፣ መጀመሪያ ሰሞን ግን ላያት አልወድም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ባጃጅ ይዤ ሆስፒታል እየሄድኩ አማርኛ ለማይሰሙት እተረጉማለሁ። ሽማግሌዎቻችን «ወደ አገልግሎትሽ መቼ ትመለሻለሽ?» ሲሉኝ ግን አንገቴን እደፋ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሴቶች ክፍል ስገባ እኚያን እናት አገኘኋቸው። ለገበያ ወርደው ነው፤ ቅርጫታቸው ወለሉ ላይ ተቀምጧል። እሳቸው ለእንቅርት ኦፕሬሽን የገባች አንዲት የምታለቅስ የመንደራቸው ልጅ አልጋ ጫፍ ላይ ሆነው፣ ሻርፓቸውን አውልቀው ጠባሳቸውን ያስዳስሷታል።

«ማን ላከዎት?» አልኳቸው።

«ማንም። ፈርታለች ሲሉኝ ላሳያት መጣሁ።»

«ይሄ እኮ አገልግሎት ነው» ብላቸው ሳቁብኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ አለቀስኩ።

ያከሙኝን ሐኪምና ነርሶች፣ ያስታመመችኝንም እህቴን አመሰግናለሁ። አንገታችሁ ያበጠ፣ ድምፃችሁ ጎርንኖ የሰነበተ ካላችሁ ሻርፑን ፍቱና ታዩ፤ መጸለይ መታከምን አይከለክልም። «ጥሪዬ ምንድን ነው?» እያላችሁ የምትጨነቁ ደግሞ መድረኩን ብቻ አትዩ። እናንተ ያለፋችሁበትን ነገር ዛሬ የሚፈራ ሰው የት እንደተኛ ጠይቁና አጠገቡ ተቀመጡ፤ እኔ ጥሪዬን ያገኘሁት እዚያ ነው።

ሽማግሌዎቻችን አሁንም መቼ እንደምመለስ ይጠይቁኛል። «ተመልሻለሁ» እላቸዋለሁ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ሴቶች ክፍል ነኝ።»