ክብሪት የሚጫርባት ሸክላ

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሾርላይን በምትባለው ከተማ ውስጥ፣ የቤታቸውን ዕቃ ደጅ አውጥተው ከሚሸጡ አሮጊት ፈረንጅ አንዲት የእንግሊዝ ሸክላ ገዛሁ። ቡናማ ናት፣ በአንድ እጅ ጭብጥ ትያዛለች፤ ጎኗ ላይ ዙሪያውን ሞረድ የመሰለ ሻካራ መስመር አላት። እኔ የስኳር ዕቃ መስላኝ ነበር።

"ክብሪቱ ውስጧ ይቆማል፣ ጎኗ ላይ ይጫራል" አሉኝ ሴትዮዋ። "የአባቴ ነበረች።"

ቤት እንደገባሁ ከኩሽና ክብሪት አምጥቼ ጫርኩ። እምቢ አለ። ብደግመው እንጨቱ ተሰበረ።

"ተሸወድሽ" አለ ባለቤቴ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ እየሳቀ።

"አልተሸወድኩም። ይህቺ ሸክላ ላይ እሳት ሳልጭር አላርፍም!"

ሲታክ በምትባለው ከተማ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ መንገደኛ ከመኪና ማቆሚያው የሚያመላልስ የፓርኪንግ አውቶቡስ እነዳለሁ። በእረፍቴ ስልኬን ይዤ ማንበብ ጀመርኩ። ለካ የዛሬው ክብሪት ከራሱ ሳጥን ጎን ውጭ አይነድም፤ የጥንቱ ግን ሻካራ ነገር ካገኘ የትም ይለኮሳል። በየቦታው ባይገኝም አሁንም ይመረታል። ፍለጋው ተጀመረ። ሱፐርማርኬቱ የለውም፣ የሕንፃ ዕቃ መደብሩም የለውም። አንዱ ጋ ኮል ሳደርግ "አለ" ብለውኝ ስደርስ ሌላ ክብሪት ሰጡኝ። ተናደድኩ እንጂ አልተውኩም። እንዲያውም በየአሮጌ ዕቃ ሱቁ ስዞር ሁለት ሌሎች መጫሪያዎች ገዛሁ፤ አንዷ የውሻ ራስ፣ አንዷ የጫማ ቅርጽ።

"እሳት ለማይወጣው ዕቃ መደርደሪያ ልሥራልሽ?" አለ ባለቤቴ።

"ሥራልኝ" አልኩት። ሠራልኝም።

በመጨረሻ ኦበርን ውስጥ ለአዳኞች ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ገብቼ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣ ፓኬት አገኘሁ። ከሥራ በቀጥታ ስለሄድኩ ዩኒፎርሜን እንኳ ሳላወልቅ ቤት ገብቼ ቡናማዋን ሸክላ ጠረጴዛው ላይ አቆምኩ። የመጀመሪያው ክብሪት ጫፉ ተፈረፈረ። ሁለተኛውን ጠበቅ አድርጌ ጎኗ ላይ ሳብኩት፤ ቸስ ብሎ ቦግ አለ።

"ማሚ፣ ኢት ወርክስ! ሠራ!" ብላ ልጄ ጮኸች።

ወዲያው የጣሪያው የጭስ ማስጠንቀቂያም ጮኸ። ባለቤቴ ወንበር ላይ ወጥቶ በፎጣ ጭሱን እያራገበ፣ "ቆይ፣ አትጨርሱት! እኔም ልጫር" አለ።