ጋሼ ጀማነህ ማርጀት አቃታቸው

ጋሼ ጀማነህ ስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። አሜሪካ ግን ስልሳ ነው የምትላቸው። ዘጠኙን ዓመት ካርቱም ጥለውት መጡ። ያኔ ስደተኛው መሃል "አሜሪካ ወጣት ነው የምትወስደው" የሚል ወሬ ሲናፈስ ጊዜ፣ ፎርሙ ላይ ዕድሜያቸውን ቀነሱ። እሳቸው ብቻ አይደሉም፤ ጓደኞቻቸው ሁሉ ቀንሰዋል። እምቢ ያሉት ባለቤታቸው እትዬ ፀሐይወርቅ ናቸው። "እናቴ ያማጠችበትን ዓመት አልክድም" ብለው ትክክለኛውን አስጻፉ። የሚገርመው፣ ሁለቱም በአንድ አውሮፕላን ነው የገቡት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር አሉ።

ጋሼ ግን ሊንደን የሚባለው ሰፈር ያለው ቤታቸው እንግዳ በመጣ ቁጥር "የኔ ሚስት እኮ ብልጠት አልፈጠረባትም" እያሉ ይስቁባቸዋል። እትዬ ቡናቸውን ይቀዳሉ።

እኔ ክሊቭላንድ አቬኑ የሚባል መንገድ ላይ ቢሮ ከፍቼ የሰዉን ታክስ እሞላለሁ። ታክስ ማስገቢያው እስኪዘጋ፣ እስከ ሚያዝያ፣ ሰው ሁሉ ዘመዴ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰላምታም የለ። ባለፈው የካቲት ጋሼ ሚስታቸውን አስከትለው መጡ። ጋሼ ዌርሃውስ፣ ትልቅ መጋዘን ውስጥ፣ ዕቃ ሲያነሱ ነው የሚውሉት፤ ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"ስሚኝ ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲወራ ሰማሁ። ላረጀ ሰው የሴቪንጉን ወለድ ታክስ ይምሩታል፣ የተቆረጠውንም ሪፈንድ ያደርጉታል አሉ። እኔ ደግሞ፣ እግዜር ይመስገን፣ አርጅቻለሁ።"

"ስልሳ አምስት ለሞላው ሰው ተጨማሪ ቅናሽ አለ፤ ወለዱን ሊሸፍንለት ይችላል። እርስዎ ግን አምስት ዓመት ይቀርዎታል።"

"የምን አምስት ዓመት? ጥርሴን አታዪም?"

"መንግሥት የሚያየው ወረቀት ነው፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ወረቀቱን አስተካክዪዋ።"

እዚህ ላይ ተናደድኩ። "ሲቲዝን የሆኑት በዚያው ወረቀት አይደለም? ዛሬ ሄደው 'ዋሽቼ ነበር' ሊሉ ነው? አርፈው ወጣት ይሁኑ!"

 ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ወለዱስ ይቅር። ሥራውን ልተው ፈልጌ ነበር። ከተውኩት የሕክምና ኢንሹራንሱ ይሄዳል፤ ሜዲኬር የሚሉት የመንግሥት ሕክምና ደግሞ ላረጀ ነው። ጉልበቴ አምስት ዓመት አይሄድም፣ ልጄ" አሉኝ።  ወደ ኮምፒውተሬ ዞርኩ።

ታክሱን የሚያስገቡት አብረው ስለሆነ የእትዬን የልደት ዘመን ጻፍኩ። ስልሳ ስድስት ሞልቷቸዋል። ቅናሹ ወለዱን ሸፈነው፤ ትንሽ ተመላሽም ወጣ።

"በማን ዕድሜ ነው?" አሉ ጋሼ።

"በባለቤትዎ።"

ሚስታቸውን አዩዋቸው። "እና አሁን ትልቋ አንቺ ነሽ በይኛ።"

እኔ እትዬ የዚያን ሁሉ ዓመት ፌዝ እስኪመልሱ ጠበቅኩ። እኔ ብሆን አልምርም ነበር። እሳቸው ግን የጋሼን ጃኬት አንስተው አለበሷቸው፤ የምሳ ዕቃቸውን አስያዟቸው፤ ፈረቃቸው ደርሶ ነበር። በሩ ጋ ሲደርሱ ክንዳቸውን ደገፍ አድርገው፣

"ግድ የለም፣" አሏቸው፣ "እስኪያረጁ እጠብቅዎታለሁ።"