አጎቴ የነፉልኝ ብሉዝ

ቡራዩ የኖሩት አጎቴ በወጣትነታቸው ሳክስፎን ተጫዋች ነበሩ። እኔ ራፕ እሠራለሁ። አዲስ ሥራ ባሰማኋቸው ቁጥር «ይሄ ራፕህ ከጃዝና ከብሉዝ እንደመጣ ታውቃለህ?» ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን «ጋሼ፣ ጃዝና ብሉዝ ማወቅ ለራፐር ምን ያደርግለታል?» አልኳቸው። አልተቆጡም። ሳክስፎናቸውን አንስተው የእኔኑ ዜማ ቀስ አድርገው በብሉዝ ነፉት።

«በል፣ አሁን ግጥምህን በላዩ በልበት» አሉኝ።

ሁልጊዜ የምጣደፍባቸውን ስንኞች ረጋ ብዬ አልኳቸው። ምን እንደጻፍኩ የገባኝ ያኔ ነው።

ካረፉ ወዲህ ይቀመጡበት የነበረው በረንዳ ጭር ብሏል። ሳክስፎኑን ለእኔ ትተውልኛል። ትናንት እዚያው ተቀምጬ ልነፋ ስሞክር የሚያስቅ ድምፅ ወጣ። ባለቤታቸው ከቤት ብቅ ብለው «እሱም ሲጀምር እንዲሁ ነበር» አሉኝና ሳቁ። ከሐዘኑ ወዲህ ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው።