ውሃ ይሁን ክትባት

ግትሬ የሚለውን ስም ያወጡላት የሰፈሯ ሰዎች ናቸው፤ እሷም አልተቀየመችም። የሰፋችውን ቀሚስ ጠበበኝ ብላ የምትሟገት ደንበኛ ብትመጣ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ "ቀሚሱስ ልክ ነው፤ አንቺ ተመችቶሽ ነው" ትላለች እንጂ አንዲት ስፌት አትፈታም።

የኤችአይቪ ክትባት የሚሞከርባቸው ጤነኛ ሰዎች ሲፈለጉ ሱቋን ዘግታ ሄዳ ተመዘገበች። ታላቅ እህቷን በዚህ በሽታ ቀብራለች፤ መድኃኒቱ የመጣው ከቀብሩ በኋላ ነው። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል። በኋላ ስታገባም ባሏ እስኪመረመር ድረስ ያለ ኮንዶም ወይ ፍንክች ብላለች።

ነርሷ ነገሩን አስረዳቻት። ግማሾቹ ክትባቱን፣ ግማሾቹ ጨው ያለበት ውሃ ይወጋሉ፤ ለማን ምን እንደደረሰ ሙከራው እስኪያልቅ ነርሷም አታውቅም። ስለዚህ ማንም ተከትቤአለሁ ብሎ እንዳይዘናጋ።

ባሏ ግን ተዘናጋ። ከባድ መኪና ነጂ ነው፤ ከመንገድ ሲመለስ ቤቱን በሳቅ የሚሞላ ሰው። መርፌውን ተወግታ ክንዷን እንዳመማት ሲሰማ ደስ አለው።

"በቃ እውነተኛው ደርሶሻል። ውሃ እንዲህ ያማል እንዴ? ከእንግዲህ ኮንዶም ምን ያደርግልናል?"

"ነርሷ የማታውቀውን አንተ ከየት አወቅኸው?"

"አታምኚኝም ማለት ነዋ።"

"ተመርመርና እንነጋገራለን።"

አኮረፈ። በማግስቱም ሳይሰናበታት ወጣ። ግትሬ ትዳሬ ሊፈርስ ነው ብላ የስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ አለቀሰች። ሲመለስ ለመናት፣ ተቆጣት፣ እንደገና ለመናት፤ እሷ ያው ናት። በመጨረሻ ሰለቸውና አፏን ሊያስዘጋ ተመረመረ። ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ተገኘ።

"መድኃኒት አለ፤ ዛሬውኑ ትጀምራለህ" አለችው። ጀመረ። ዛሬ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ ደርሷል፤ ሳቁም ወደ ቤቱ ተመልሷል።

ሙከራው ሲያልቅ ውጤቱን ሊሰሙ አብረው ሄዱ። ክትባቱ እንደታሰበው አልሠራም፤ ሐኪሞቹ ሌላ ሊሞክሩ ነው።

"ላንቺማ እሱም አልደረሰሽም" አለቻት ነርሷ። "የተወጋሽው ውሃውን ነው። ደምሽ ግን አሁንም ከቫይረሱ ነጻ ነው።"

ባልየው ፊቱ ተለዋወጠ። "ያኔ እሺ ብትዪኝ ኖሮ..." አለ።

"አላልኩህማ" አለች ግትሬ። እጁን ጥብቅ አድርጋ እንደያዘች ወደ ነርሷ ዞረች። "ለቀጣዩ ክትባት የምትመዘግቡት መቼ ነው?"