ቤንዚኑን የጠጣው ማን ነው?

ሰዓት ሠሪው በእጁ አይታማም። ከሰናፍጭ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ብሎን በወረንጦ አንስቶ ቦታዋ ላይ ሲያስቀምጣት ትንፋሹ እንኳ አይሰማም። ደንበኞቹ በሁለት እርምጃ የምታልቀው ሱቁ በር ላይ ቆመው፣ «ይሄ ሰው ይህን ሁሉ ትዕግሥት ከየት አመጣው?» ይባባላሉ። ችግሩ ትዕግሥቱ ከወገቡ በላይ ብቻ መሆኑ ነው። ሱቁን ዘግቶ መኪናው ውስጥ ሲገባ ያ ጨዋ እጁ ሥልጣኑን ሁሉ ለቀኝ እግሩ ያስረክባል።

መኪናዋን የወረሳት ከሟች አጎቱ ነው። ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ ባለ ሁለት በር፣ ቀይ የስፖርት መኪና ናት። ልጆቹ ከኋላ ሲቀመጡ ጉልበታቸው ከጆሯቸው ጋር ይገናኛል። ግን ሞተሯ ውስጥ አየር የሚነፋ ቱርቦ አላት። ነዳጅ መስጫውን ረገጥ ሲያደርገው መጀመሪያ ትንሽ እንደማሰብ ትላለች። ከዚያ «ፊዩዩዩ» ብላ ታፏጭና ተሳፋሪውን ከወንበሩ ጋር ታጣብቀዋለች። ሰዓት ሠሪው ይቺን ፉጨት በሰማ ቁጥር አርባ ሁለት ዓመቱን መንገድ ላይ ጥሎ አሥራ ሰባት ይገባል።

ፉጨቷ ጥሩ፣ ጥማቷ ክፉ። ሰኞ ጢም ተደርጋ ተሞልታ ከወጣች ሐሙስ ቀይ መብራቷን አብርታ ትለምናለች። ሰዓት ሠሪው ጥፋቱን ያላከፋፈለበት የለም። መጀመሪያ ማደያው ሰረቀኝ ብሎ ማደያ ቀየረ። ቀጥሎ ጎረቤት በጎማ እየሳበ ይወስድብኛል ብሎ ክዳኑ ላይ ቁልፍ አስገጠመ። ያም አልሆን ሲል ነፋሱን ከሰሰ። በመጨረሻ አንድ ቀን ምሳ ላይ ልጆቹን ትኩር ብሎ አየና፣

«እነዚህ ልጆች ሰሞኑን አልወፈሩም?» አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህን በጨው ታጥበህ ነው?» አለች ሚስቱ። «ልጆቼን ከቤንዚን ጋር አታነካካብኝ!»

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ስድሳ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከተራራው በላይ ያለ ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን የደንብ ልብስ በሙሉ እንድትሰፋለት ሰጥቷታል። በየሳምንቱ የተሰፋውን ማድረስ አለባት። ለዚህ ደግሞ መንገድ ላይ የማትቀር መኪና ያስፈልጋታል።

«ቅዳሜ የሰፈራችን ፋርማሲስት መኪናዋን ሊያይ ይመጣል» አለችው። «ይውሰዳትና እኛ የማትጠማ አሮጌ ፒክአፕ እንፈልግ።»

«እሷ ከሄደች እኔም…»

«እህ፣ አንተም ምን? ጨርሰው እንጂ።»

ሰዓት ሠሪው የሚስቱን ፊት አየና ምላሱን ሰበሰበ። «እኔም በእግሬ እሄዳለሁ ለማለት ነው።»

ሲለምናት ሲለምናት አንድ ዕድል ሰጠችው። እስከ ቅዳሜ ድረስ መኪናዋ ትምህርት ቤቱ ደርሳ በአሥር ሊትር ከተመለሰች ትቀራለች። ከአሥር ካለፈች ትሸጣለች።

በነጋታው በማለዳ ጋሽ ካንዴላ ጋ ሄደ። ጋሽ ካንዴላ የሰፈሩ መካኒክ ናቸው። ሌላው ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት የደረት ኪስ እሳቸው የሞተር ካንዴላ ስለሚሰኩ ነው ስሙ የወጣላቸው። ኮፈኑን ከፍተው ጎንበስ አሉ፣ አዳመጡ፣ አሸተቱ፣ መልሰው ዘጉት።

«ምንም የላት።»

«ጋሼ፣ እንዴት ምንም የላት? ቱርቦው የሚነፋው አየር ነው። አየር ደግሞ በነፃ ነው። ታዲያ ቤንዚኑ የት ይገባል?»

«ከሰል አራግበህ ታውቃለህ?»

«አዎ።»

«ስታራግበው ቦግ አለ። አየሩ በነፃ ነው። ከሰሉስ?»

ጋሽ ካንዴላ ኮፈኑን መታ መታ አደረጉት።

«ባስፏጨሃት ቁጥር አየር ይገባል። አየር ሲገባ ሞተሩ ‹በሉ ቤንዚንም ጨምሩልኝ› ይላል። የድሮ ቱርቦ ደግሞ እንዳይቃጠል ራሱን የሚያበርደው ትርፍ ቤንዚን እየረጨ ነው። በቀስታ ነድተህ አታስፏጫት፣ በቃ።»

«ጋሼ! ላስፏጫት አይደል እንዴ የወረስኳት?»

ጋሽ ካንዴላ አለካኩንም ነገሩት። የማደያው ማፍሰሻ «ጠቅ» ብሎ እስኪቆም ሞልተህ ትሄዳለህ፤ ስትመለስ እዚያው ፓምፕ ላይ እንደገና ጠቅ እስኪል ትሞላለህ። የጨመርከው የጠጣችው ነው።

ረቡዕ ቀሚሶቹን ጭኖ ብቻውን ወጣ። እንደ እሱ አባባል እንደ ሙሽራ ነበር የነዳው። ሲመለስና ሲሞላ ግን ቆጣሪው አሥር ላይ አልቆመም፣ አሥራ አምስትንም አለፈ፣ አሥራ ስምንት ላይ «ጠቅ» አለ።

«አሥራ ስምንት!» አለች ሚስቱ። «መንገድ ላይ ምን ሆነህ ነው?»

«አንድ ሚኒባስ ቀደመኝ።»

«ታዲያ ይቅደማ!»

«አናቱ ላይ ፍራሽ ጭኗል እኮ! ፍራሽ ተሸክሞ ቱርቦ ሲቀድም ዝም ልበል?»

ያኔም ቢሆን እግሩን አልጠረጠረም። የሆነ ቦታ የተደበቀ ብልሽት አለ ብሎ ድርቅ አለ። ሰዓትም ሲታመም በጆሮ ነው የሚታወቀው። እየነዱ ደግሞ ማዳመጥ አይቻልም። ስለዚህ ዓርብ የቀሩትን ሸሚዞች ሲያደርሱ ሚስቱ ትንዳ፣ እሱ ያዳምጥ።

ሚስቱ በልጅነቷ በአባቷ ፒክአፕ ተምራ መንጃ ፈቃድ አውጥታለች። መሪው ፊት ተቀመጠችና ቀኝ ጫማዋን አወለቀች።

«ምን ልትሆኚ ነው?»

«ይሄም ፔዳል ነው አይደል? በጫማ አይሰማኝም።»

አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ቀኝ እግሯ በኤሌክትሪክ ስፌት መኪና ፔዳል ላይ ነው የኖረው። ኮሌታ ስትሰፋ ከእግር ጣቷ ክብደት ትንሽ ካበዛች መርፌው ዘሎ ጨርቁን ያበላሸዋል። አሁንም ኮሌታ እንደያዘች ሁሉ ነካ አደረገችው። መኪናዋ ሳታስብ፣ ሳትወረወር፣ ለስለስ ብላ ወጣች። ሚስቱ ማርሹን ቶሎ ቶሎ እየቀየረች፣ ሩቅ ያለውን መታጠፊያ ቀድማ እያየች፣ ፍሬን ሳትነካ ሄደች።

ሰዓት ሠሪው ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ፣ ጆሮውን ዳሽቦርዱ ላይ ደቅኖ አሥር ኪሎ ሜትር አዳመጠ። ሃያ አዳመጠ። ከዚያ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሞታለች!»

«ማን?»

«ቱርቦዋ! ትንፍሽ አላለችም እኮ!»

«አልሞተችም። አላስቸገርኳትም፣ ዝም አለች። አንተም እንደሷ ብትሆን።»

ዳገቱ ላይ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ቀደማቸው። ልጆቹ በኋለኛው መስኮት እጃቸውን እያውለበለቡ ሳቁባቸው። ሰዓት ሠሪው ወገቡ ድረስ ተንሸራቶ ፊቱን የሸሚዞቹ ክምር ውስጥ ቀበረ።

ማደያው ሲመለሱ ቆጣሪው ዘጠኝ ተኩል ላይ «ጠቅ» አለ።

«ድገመው» አለ ሰዓት ሠሪው።

የማደያው ቀጂ ደገመው። ጥቂት ጠብታ መሬት ላይ ፈሰሰ እንጂ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም።

«እንግዲህ» አለች ሚስቱ ወደ ቤት ሲገቡ፣ «እኔ ስነዳት ዘጠኝ ተኩል፣ አንተ ስትነዳት አሥራ ስምንት። በሽተኛ ናት ካልክ ነገ ትሸጣለች። ጤነኛ ናት ካልክ ደግሞ… በሽተኛውን አንተው ታውቀዋለህ።»



ቅዳሜ ፋርማሲስቱ ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ መጣ። ጋሽ ካንዴላም ለወሬ ያህል ብቅ ብለዋል። ፋርማሲስቱ መኪናዋን ሁለቴ ዞራትና፣

«ቆንጆ ናት። ግን ቤንዚን ትጠጣለች ይባላል። ሞተሯ ደክሞ ይሆን?» አለ።

ሚስቱ ባሏን አየችው። ጋሽ ካንዴላ ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ካንዴላ አስተካከሉ። ሰዓት ሠሪው አዎ ካለ መኪናዋ ትሸጥበታለች፣ አይ ካለ ሰው ፊት ይዋረዳል።

«አትጠጣም» አለ በመጨረሻ።

«እንዴት አትጠጣም? ሰፈሩ ሁሉ…»

«እኔ ነኝ የማጠጣት! ማደያውም ነፃ ነው፣ ጎረቤቶቼም ነፃ ናቸው፣ ልጆቼም አልወፈሩም። እግሬ ነው። ይኸው፣ ይሄኛው!» ብሎ ቀኝ እግሩን እንደተያዘ ሌባ ወደ ፊት አቀረበው።

ፋርማሲስቱ ፈገግ አለ። «ጤነኛ ከሆነችማ ዛሬውኑ እወስዳታለሁ።»

«አትሸጥም» አለች ሚስቱ፣ እጇን ለቁልፉ ወደ ባሏ እየዘረጋች። «ሹፌር ነው የቀየረችው።»

ሰዓት ሠሪው ቁልፉን ሰጣት። ሲሰጣት ግን አንዲት ነገር ለመናት፣ እሷም አልጨከነችበትም፦ ከትምህርት ቤቱ ሲመለሱ ያለውን ቁልቁለት እሱ ይነዳል። ማርሽ ውስጥ አስገብቶ እግሩን ካነሳ ሞተሩ ቤንዚን አይጠይቅም፤ እግሩም ምንም ጥፋት አይሠራም። እንግዲህ በየሳምንቱ ተራራው አናት ላይ ወርደው ወንበር ይቀያየራሉ፣ ከታች ሲደርሱ መልሰው ይቀያየራሉ።

አሁን ሱቁ በር ላይ የቆመ ደንበኛ ሁሉ ይህን ሳይሰማ አይሄድም።

«አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር፣ አንዲት ጠብታ ሳላስነካ! እስቲ እንደኔ ቆጣቢ ሹፌር ካለ አምጡልኝ።»

«ሽቅቡንስ?» ይለዋል ነገር የገባው ደንበኛ።

«ሽቅቡ የሚስቴ ሥራ ነው» ይልና ወረንጦውን ያነሳል።