ለድሮው ቤት የተመረጠ ጥድ

ልጅ ሳለሁ ተረት ቁጭ ብዬ የምሰማ ልጅ አልነበርኩም። የአባቴ አክስት እማማ የሺ ከሰሉ ዳር ተቀምጠው ሲያወሩ ታናሽ ወንድሜ አፉን ከፍቶ ያዳምጣል፤ እኔ እነሣለሁ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ውጭውን አያለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ፣ ደግሞ እነሣለሁ። በተለይ ያን ዓመት፣ ገና ሲቃረብ፣ ጭራሽ መቀመጥ አቃተኝ።

አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ጅቡቲ ወርዶ እስኪመለስ ሳምንታት ያልፋሉ። ያኔ እሱ በረሃ ላይ ሳለ፣ ቀራንዮ ለዓመታት የተከራየነውን ባለ ሁለት ክፍል ቤት አከራያችን ለልጃቸው መዳሪያ ፈለጉትና ልቀቁ ተባልን። እናቴ ዞራ ዞራ ኮልፌ ውስጥ አንዲት ክፍል አገኘች። አልጋችንና ቁም ሣጥናችን ከገቡባት በኋላ ለሰው መቆሚያ የማይተርፍባት፣ ኮርኒሷ ማዳበሪያ የተወጠረበትና ዝቅ ያለ ክፍል ነበረች። ይህን ሁሉ እናቴ ለአባቴ በስልክ አልነገረችውም።

«መሪ ይዞ ሐሳብ እንዳይገባው» አለችን። «ሲመጣ ያየዋል። እናንተም አፋችሁን ያዙ።»

የገናውን ዛፍ ግን ምን እናድርገው? ጥዱን በየዓመቱ መርጦ የሚያመጣው አባቴ ነበር፤ ጫፉ የቀራንዮውን ቤት ኮርኒስ ካልነካ ደስ አይለውም። በዓሉ ጥቂት ቀን ሲቀረው ደወለ።

«ዘንድሮ ከአምናው የሚበልጥ ነው የማመጣላችሁ!» አለ። ከኋላው ሞተር ያጓራል።

እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር። «አነስ ያለ ይሁን» አለችው።

«ለምን?»

«እንዲሁ ነው። ልጆቹ ትንሽ ይሻለናል ብለው ነው።»

«የትኛው ልጅ ነው ትንሽ ዛፍ የሚወደው?» ብሎ ሳቀ። መስመሩም ተቋረጠ።

ያን ምሽት መብራት ጠፍቶ ፋኖስ በርቷል፤ የፋኖሱ ጭስ ማዳበሪያውን ኮርኒስ ያጠቁረዋል። እማማ የሺ ፍሙን በመቆስቆሻ እየነካኩ ተረት ጀመሩ። አያ ዝሆንና እመት ጃርት ወዳጆች ነበሩ አሉ። እመት ጃርት የምትኖረው ጉድጓድ ውስጥ መሆኑን ለወዳጇ መናገር ስላፈረች፣ ቤትሽ እንዴት ነው ባላት ቁጥር «ይበቃናል» ትለው ነበር። አንድ በዓል አያ ዝሆን ሸንኮራውን ተሸክሞ ሊጠይቃት መጣ። እንኳን እሱ፣ ኩምቢው የሚገባበት በር እንኳ አልነበረም። እሷ ደግሞ በእፍረት ጥጓን ይዛ ድምፅዋን አጠፋች።

«ዝሆንም ሸንኮራውን ይዞ ተመለሰ» አሉ እማማ የሺ። «እሷ ያፈረችው በቤቷ ነበር፤ እሱ ግን የጠላችው መሰለው።»

«ከዚያስ?» አልኩ በሩ ላይ ቆሜ።

«ከዚያማ የለም፣ ልጄ።»

ዓይናቸው እናቴ ላይ ነበር። እናቴ ምስሩን አስቀምጣ፣ ስልኳን ይዛ ወጣች። ተከተልኳት። ደወለች፤ ጥሪው አልገባም። ግቢውን ዞራ ደግማ ደወለች። ገባን፣ ወጣን፣ ገባን። ያን ምሽት መቀመጥ ያቃተን ሁለት ነበርን።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጮኸ። አባቴ ነበር፤ እኛን ሊያስደንቅ ሳይደውል ቀጥታ ቀራንዮ ሄዶ፣ የቤታችንን በር የማያውቃት ሙሽራ ከፍታለታለች።

«እዚያው ሁን!» አለች እናቴ። እጄን ይዛ ሮጠች፤ ነጠላዋን ያጣፋችው ታክሲ ውስጥ ነው።

አጥሩ ጥግ ቆሞ አገኘነው። ጥዱ ከጎኑ ግንቡን ተደግፎ፣ ከግንቡም በላይ ወጥቷል። አባቴ ሲቆጣ አውቀዋለሁ፤ ያን ቀን ግን አልተቆጣም። ከንፈሩ ደርቆ፣ አንዴ እናቴን አንዴ እኔን ያያል።

«ትታችሁኝ የሄዳችሁ መስሎኝ...» አለና አልጨረሰውም።

እናቴ መንገዱ ላይ እንደቆመች ሁሉንም ነገረችው። «መሪ ይዘህ እንዳታስብ ብዬ ነው» አለች በመጨረሻ።

«አሁንስ አላሰብኩም?»

አባቴ መኪናውን አስረክቦ ስለነበርና የታክሲ ረዳቶቹ ሁሉ ጥዱን አንጭንም ስላሉ ወደ ኮልፌ በእግራችን ተመለስን፤ እሱ ግንዱን፣ እሷ ጫፉን ተሸክመው። መጀመሪያ ሁለቱም ወደፊት ብቻ እያዩ ነበር የሚሄዱት። እየቆየ እሷ «ቀስ በል» ስትለው፣ እሱ «አንቺ ፍጠኚ» ሲላት ሰማሁና ትንሽ ቀለለኝ።

ጥዱ በበሩ አልገባም። አባቴ ክፍሏን ዞር ዞር ብሎ አያት፤ ለመዞርም ብዙ ቦታ አልነበራት። ከጎረቤት መጋዝ ተዋሰና ጠራኝ።

«ነይ፣ አልጋው ጥግ ቁሚ። እጅሽን ወደ ላይ ዘርጊ።»

ቆምኩ። ጣቶቼ ማዳበሪያውን ነኩት። አባቴ መጋዙን እንደያዘ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ።

«መቼ ነው እንዲህ ያደግሽው?» አለኝ።

በእኔ ቁመት ልክ ቆረጠው። ከጫፉ የተረፈችውን አልጋውና ቁም ሣጥኑ መካከል አቆምናት፤ እግር ባነሣን ቁጥር ትወድቅብን ነበር። እማማ የሺ እየሳቁ፣ እየደጋገሙ ያቃኗታል።

ከዚያ ወዲህ አባቴ መንገድ በወጣ ቁጥር እናቴ የቤቱን ነገር አንድም ሳታስቀር ትነግረው ጀመር፤ ውሃ መጥፋቱን፣ ወንድሜ ጥርሱን መንቀሉን፣ ጣሪያው ማፍሰሱን። እሱም «ኧረ በቃሽ፣ ልንዳ!» እያለ ይማረራል፤ ስልኩን ግን አይዘጋም።

ዛሬ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ ኮርኒሱም ለመካከለኛ ጥድ አያንስም። ቢሆንም ገና ሲደርስ ሻጮቹ ፊት ቆሜ ረጅሙን አነሣለሁ፣ አስቀምጣለሁ፣ አጭሩን አነሣለሁ፤ ልቤ አይረጋም። የዛፉ መርዘም ማጠር አይደለም የሚያስጨንቀኝ። ሰው ለሚወዳቸው ሰዎች ደክሞ ይዞት የሚመጣው ነገር ልኩ የሚታወቀው ቤት ያሉት እውነቱን ሲነግሩት ነው፤ ይህን የተማርኩት ከተረቱ ይሁን አጥሩ ጥግ ካየሁት የአባቴ ፊት፣ ለይቼ አላውቅም። ብቻ ባለቤቴ ለሥራ ክፍለ ሀገር ሲወጣ በቀን ደጋግሜ እደውልለታለሁ። «ምን ሆናችሁ?» ይለኛል ደንግጦ። «ምንም» እለውና፣ ምንም ያልሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ እነግረዋለሁ።