ኮምፒውተሩን ኮባ ያለበስኩ ቀን

ዛሬ ቤቱ ጭር ሲል የዚያ ኮምፒውተር ማራገቢያ ድምፅ ይናፍቀኛል።

ትልቁ ልጄ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ በኋላ ሆሳዕና ከተማ ከሴት ልጄ ጋር ሁለታችን ቀረን። እሷ በኮምፒውተር የቤት ንድፍ ትሠራ ነበር። ወንድሞቻቸው ከውጭ ገንዘብ የላኩላቸው፣ በአካባቢያችን ያሉት የፎንቆና የጊምቢቹ ሰዎች፣ ቤቱ ከመሠራቱ በፊት መልኩን ማየት ይፈልጋሉ። ኮምፒውተሯ ግን አንዱን ሥዕል ለማውጣት ሁለት ቀን ይፈጅ ስለነበር ደንበኛ ይሸሻታል። «ይሄ ካልሆነ እኔም ወንድሜን እከተላለሁ» ትለኝ ጀመር።

አንድ ቀን ያገለገለ ፕሮሰሰር ገዝታ መጣች። የኮምፒውተሩ አንጎል ነው አለችኝ። ርካሽ ነው፤ ግን ያልተቆለፈ ነው።

«ምኑ ነው ያልተቆለፈው?»

«ፍጥነቱ ነዋ፣ እማ! ፋብሪካው ከወሰነለት በላይ ራሴ እጨምርለታለሁ። ውዱን መግዛት አያስፈልገኝም።»

«ፋብሪካው ዝም ብሎ ነው የወሰነው? ቢቃጠልስ?»

«ይሞቃል እንጂ አይቃጠልም። ሲብስበት ራሱ ይጠፋል።»

እኔ ይሞቃል ያለችውን ብቻ ያዝኩ።

ትንሽ በትንሽ እየጨመረች ሞከረችው። ሥዕሉ ከምሳ በፊት ሲያልቅላት እየዘለለች አቀፈችኝ። በማግስቱ የምታስረክበውን ሥራ አስጀምራ ወረቀት ልትገዛ ወጣች። የኮምፒውተሩን ሳጥን ብዳስሰው ይሞቃል። እኛ ቅቤ ገበያ ስንወስድ ፀሐይ እንዳያቀልጠው በኮባ ነው የምንጠቀልለው። ከጓሮ ሰፊ ቅጠል ቆረጥኩ፤ ውሃ እንዳይነካው ጠራርጌ ሳጥኑን ዙሪያውን አለበስኩት። ብዙም ሳይቆይ ድምፁ ጠፋ። ደንግጬ ቅጠሉን ገፍፌ ጓሮ ጣልኩት።

ስትመለስ ስክሪኑ ጠቁሯል። ወንበሩ ላይ ዝርፍጥ አለች።

«አበዛሁበት። ገደልኩት። በቃ፣ እሄዳለሁ።»

ዝም ብል ጥፋቱን ራሷ ላይ አድርጋ ትሄድብኛለች። «ልጄ፣ አንቺ አይደለሽም» ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። አፍጥጣ አየችኝ፤ ከዚያ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ቅቤ መሰለሽ እንዴ? መተንፈሻውን እኮ ነው የደፈንሽው!»

አስነሣችው፤ ተነሣ። ፍጥነቱን ሳትቀንስ ሥራዋን እንደ አዲስ አስጀመረች። እኔ ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ እጄን ግን ጭኔ ላይ አጣጥፌ። ጠዋት ደንበኛው ሲመጣ የቤቱ ሥዕል አልቆ ነበር፤ በሌላ ቀን ጎረቤቱንም አሠሪ አድርጎ ይዞላት ተመለሰ።

አሁን ኮምፒውተሯን ይዛ ቅርባችን ባለችው ዱራሜ ከተማ ቢሮ ከፍታለች። ቅዳሜ ማታ በሚኒባስ ትመጣለች፣ እሁድ አብረን ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን።